ለሃርድ ዲስኩ የሰፋሁት ካፖርት

የልጅ ልጄ ለትምህርት ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት ሁለታችንንም አያቶቿን ጠርታ፣ እኔ ቤት፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ አስቀመጠች። አንዱ አዲስ ነው፤ ብርማ፣ ቀጭን፣ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ። ሌላው ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጥጉ የተላጠ፣ ከሥሩ የቆሸሸ ፕላስተር የተለጠፈበት። ብርማውን አንስታ ለአባቷ እናት ሰጠች። ጥቁሩን ለእኔ።

እዚያው ቅር አለኝ።

የሁለቱም ውስጥ አንድ ነው። የተቀዳችበት ልጄ ናት፤ የዚህች ልጅ እናት። ከሞተች አራት ዓመቷ። ልጇን ከተወለደችበት ቀን ጀምራ ስትቀርጽ ኖራለች፤ ስታጥባት፣ ስታበላት፣ ስታስተኛት። የሞተ ሰው ፎቶው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ድምፁ ግን የት ይሰቀላል? የልጄ ድምፅ ያለው በእነዚህ ሁለት ሣጥኖች ውስጥ ብቻ ነው፤ ሌላ የትም የለም። አዲሱና የማያሳስበው ወደ ሌላ ሰው ቤት ሄደ፤ ያረጀው፣ ዛሬ ነገ የሚባለው፣ እኔ ጋ ቀረ።

የአባቷ እናት ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ሰፈሩ በሙሉ ሲስተር ይላታል፣ እኔም ሲስተር እላታለሁ። እኔ በመርፌ አርባ ዓመት ጨርቅ ወጋሁ፤ እሷ በመርፌ ሠላሳ ዓመት ሰው ወጋች። የተከበረችው እሷ ናት።

«ሁለታችሁም ስሙኝ» አለች ልጅቷ። «ሁለት ቤት የማስቀምጠው አንዱ ጋ ሌባ ቢገባ፣ እሳት ቢነሳ፣ ሌላው እንዲተርፍ ነው። አንደኛ፣ በሦስት በሦስት ወር ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ክፈቱት፤ ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ የተቀመጠም ይበላሻል። ሁለተኛ፣ ሲሠራ አታንቀሳቅሱት። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ ከላዩ የምታነብ እንደ መርፌ የቀጠነች ነገር አለች። ሦስተኛ፣ ሳትሰናበቱት አትንቀሉት። እዚህ ጋ ተጭናችሁ፣ ‹ይበቃኛል፣ ደህና ዋል› ብላችሁ፣ ከዚያ ነው ኬብሉ የሚነቀለው።»

«እንደ እንግዳ ነዋ!» አለች ሲስተር፣ ሳቅ ብላ።

እኔ አልሳቅሁም፤ ደብተሬ ላይ ቁጥር እየሰጠሁ እጽፍ ነበር። አራተኛው እርጥበት እንዳያገኘው ነው። አምስተኛውን ስትናገር ግን ዓይኔ ሲስተር እጅ ላይ ነበር። ከእጅጌዋ መሃረብ አወጣች፣ ብርማውን ጠረገችው፣ ደጋግማ ጠረገችው፣ እንደ ጌጥ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠችው። አዲስ ዕቃ ምኑ ይጠረጋል? ለእኔ ለማሳየት ነው እንጂ! ወደ ልጅቷ ስመለስ አምስተኛውንም፣ ስለ ጥቁሩም አንድ ነገር ተናግራ ጨርሳለች። «ገባሽ አይደል እማማ?» አለችኝ። «ገባኝ» አልኳት። ደብተሬ ላይ አምስተኛው ቁጥር ባዶውን ቀረ።

አንድ ነገር ብቻ አጽናናኝ። እኔን «አንቺ» ትለኛለች፣ ሲስተርን «እርስዎ»። ያሳደግኋት እኔ ነኛ።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ጥቁሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አየሁት። አሳዘነኝ። ዕራቁቱን ነው። እጄ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ የስፌት መኪናዬን ከፈትኩ። ከአሮጌ ካፖርት ገበር አወጣሁ፣ ጥጥ ሞላሁበት፣ እንደ ብርድ ልብስ መስመር መስመሩን ይዤ ሰፋሁት፤ ሁለት አዝራር፣ ለኬብሉ ቀዳዳ፣ ዙሪያውን ጥሩ ቅምቅማት። ሲያልቅ ለአራስ ልጅ የተሰፋ ካፖርት ነው የሚመስለው። ብርማው መስታወት ቢሆን ምን ዋጋ አለው? ልብስ የለውም።

ሲስተር እሁድ እሁድ ትደውላለች።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እኮ የኔን ክዳን ያለው ሣጥን ውስጥ አድርጌ፣ ከመድኃኒት ጠርሙስ የምትወጣውን እርጥበት የምትመጥ ከረጢት ጨመርኩበት። የታየበትን ቀን የምመዘግብበት ሰሌዳም ሠራሁ።»

«ካርድ አወጡለታ! ተመላላሽ ታካሚ ሆነ በሉኝ።»

«ይሳቁ እንጂ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።»

ስልኩን እንደዘጋሁ ጫማ መሸጫ ሄጄ ከየካርቶኑ ውስጥ ያችን ከረጢት ለመንኩ። ሰባት ሰጡኝ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ለኔ ነው፤ ግን እሷ አንድ ካላት እኔ ሰባት ኖረኝ።

ሦስት ወር ሞላ። እሁድ ነው፤ ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ፣ ትናንት ከፈትኩት። ደህና ነው። ያችን ልጅቷን እያጠበች የምትዘፍነውን አየሁ። ግጥሙ ሲጠፋት ‹ላ ላ ላ› ብላ የምትሞላውን። ያዩታል አይደል እርስዎም?»

«አየዋለሁ እንጂ» አልኳት።

ውሸቴን ነው። ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። ፈርቼ ነው። ሳጥኑን አለብሳለሁ፣ አራግፋለሁ፣ ቦታውን እቀያይራለሁ፤ መክፈት ግን አልቻልኩም። እና አሁን የልጄን «ላ ላ ላ» ከእኔ በፊት ሌላ ሴት ሰማችው። ያማጥኩት እኔ፣ ያጠባሁት እኔ፣ ዘፈኑንም ያስተማርኳት እኔ፤ ግጥሙ የጠፋባትም እኔው ራሴ ስለማላውቀው ነው።  የዚያን ዕለት ከሰዓት ልጅቷ ትታልኝ የሄደችውን ላፕቶፕ አውጥቼ፣ ጥቁሩን ካፖርቱን እንዳለበስኩት ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ሰካሁት።

ልጄ ወጣች። እጅጌዋን ጠቅልላ፣ አረፋ አፍንጫዋ ላይ፣ ወደ ካሜራው ዞራ፦ «እማዬ፣ ውሃው አልበረደም፣ ተይኝ!» ትላለች። እኔ ከጓዳ እየጮህኩባት ነው።

አልቅሼ ስጨርስ እንደገና አየሁት። በማግስቱም። በሦስት ወር አንዴ የተባለው በየቀኑ ሆነ። ዲስኩ ካፖርቱን ለብሶ ጉልበቴ ላይ ሞቅ ይላል፤ በስሱ ይንቀጠቀጣል፤ ጠግቦ የተኛ ሕፃን ነው የሚመስለው። ሲሞቅ ተመቸው ማለት ነው ብዬ ሙቀቱን ወደድኩት። አንዳንዴም በላዩ ላይ እጄን አኖራለሁ።

«ስንት ጊዜ አዩት ሲስተር?» አልኳት አንድ እሁድ፣ ሳልችል ቀርቼ።

«አንድ ጊዜ ነዋ! በሦስት ወር አንዴ አይደል የተባልነው?»

በልቤ ሳቅሁ። እኔ አርባውን አልፌዋለሁ። እናት ማን እንደሆነች ይለያል አልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት እያየሁ ሳለ ምድጃ ላይ የጣድኩት ገነፈለ። ዲስኩን ከነካፖርቱ በአንድ ክንዴ አቅፌ፣ ላፕቶፑን በሌላው እየጎተትኩ ተነሳሁ። ጠቅ አለ። ከዚያ ደግሞ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ልጄ አፏን ከፍታ «ላ» እንዳለች ቀረች። ካፖርቱን ስነካው ፈጀኝ።

ነቀልኩት፤ አልተሰናበትኩትም። መልሼ ሰካሁት። ጠቅ፣ ጠቅ። ነፋሁበት፣ ሰካሁት። ጸልዬ ሰካሁት። ልጄ ከዚያች «ላ» አልፋ አልወጣችም፤ ኋላም እሷም ጠፋች።

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ጎልመስ ያለ ሰው ነው፤ ግንባሩ ላይ ማጉያ መነጽር አስሮ በስልክ ሬሳ መሃል ይቀመጣል።

«እናቴ፣ ምን አመጡልኝ? ሹራብ ነው?»

«ከውስጡ ነው።»

አዝራሮቹን ፈታ። ጥጡን ጫን ጫን አድርጎ አየው። «ጉድ እኮ ነው! ይሄን ለብሶ ነው ሲሠራ የኖረው?»

«እንዳይበርደው ብዬ...»

«እናቴ፣ ይሄን ብርድ አይገድለውም። የሚገድለው ሙቀት ነው። ሲሠራ ይሞቃል፣ ሙቀቱን የሚያወጣው በገላው ነው። እርስዎ ካፖርት ደረቡበት። ይዘውትስ ይዞሩ ነበር?»

«ጉልበቴ ላይ ነበር።»

«ኧረ እግዜር ያሳይዎት!» ሰካውና አንዲት ጊዜ ጠቅ ሲል ሰምቶ ቶሎ ነቀለው። «እንዲህ ማለት ከጀመረ በኋላ ስንት ጊዜ ሰኩት?»

«አሥር... አሥራ አምስት።»

ፊቱ ተለወጠ። «መርፌዋ ሳህኑን እየቧጨረች ነው። በሰኩት ቁጥር አንድ ጭረት ነው። ከዚህ ምንም የማወጣልዎት የለም።»

መርፌ ሲል ገባኝ። የተጣመመ መርፌ ጨርቅ እንደሚበላ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። መኪናዬ ድምፁን ሲቀይር እግሬን ከፔዳሉ አነሳለሁ፤ አርባ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። የልጄ ድምፅ ሲሆን እግሬን አላነሳሁም።

«ሌላ ኮፒ የለውም?» አለኝ።

ካፖርቱን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

«እናቴ፣ አለው ወይስ የለውም?»

«አለው።»

«የት?»

«አንዲት ሴትዮ ጋ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስዎታል? ሄደው አያመጡትም?»

«ሴትዮዋን ስለማያውቋት ነው።»

ሳቀብኝ። ዲስኩን ሊመልስልኝ ገልበጥ ሲያደርገው ግን ቆመ፣ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ። «እዚህ ፕላስተር ላይ የተጻፈ አለ። የማን ጽሑፍ ነው?»

ጽሑፍ መኖሩን አላወቅሁም። እድፍ ነው ብዬ ነበር። ማጉያውን ተቀብዬ አየሁ፤ ቀለሙ ሊጠፋ ምንም አልቀረው፣ የእጅ ጽሑፉን ግን አወቅሁት። «ማ»ን ስትጽፍ እግሯን ረዘም አድርጋ የምትጎትታት ልጄ ናት። እንዲህ ይላል፦ «ማንም እንዳይነካው። እማዬም ብትሆን!»

ያን ጊዜ ነው ጠረጴዛው ላይ ያመለጠኝ የልጅቷ ቃል የገባኝ። ጥቁሩ የእናቷ የራሷ ነው። በእጇ የሰካችው፣ በእጇ የነቀለችው። ልጅቷ አሮጌውን ለእኔ የሰጠችኝ ሲስተርን አስበልጣ አልነበረም። እኔ ደግሞ እናት ነኝ ብዬ፣ «እማዬም ብትሆን» ተብሎ ተጽፎብኝ፣ ገደልኩት።

ካፖርቱን አልብሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ወደ ሲስተር ቤት ሄድኩ። መንገዱን በሙሉ የምናገረውን አሰላስላለሁ፤ በሯ ላይ ስደርስ ግን ሌላ ሐሳብ ይዤ ነው የደረስኩት።

«እትዬ! ምን እግር ጣለዎት? ይግቡ፣ ሻይ ላፍላ» አለችና ወደ ማድ ቤት ገባች።

ሳሎኗ እንደ መርፌ ክፍል ንጹሕ ነው። ሣጥኑ መደርደሪያው ላይ፣ ሰሌዳው ቁምሳጥኑ በር ላይ፣ አንዲት ምልክት ብቻ ተደርጎበት። ክዳኑን ከፈትኩ። ብርማው ቀዝቅዞ ደርቆ ተቀምጧል። እንዲህ አሰብኩ፦ ብርማውን ካፖርቱ ውስጥ፣ ጥቁሩን እዚህ ሣጥኑ ውስጥ። እሷ ተራው ሳይደርስ አትከፍትም። እስከዚያ አስገልብጬ እመልሳለሁ፤ መበደር እንጂ መስረቅ አይባልም። ማንም ሳያውቅ ብርማው ጥቂት ጊዜ የእኔ ብቻ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር የፈለግሁት ይህችን «ብቻ» የምትለዋን ነው።

ብርማውን በግራ እጄ አነሳሁ። ጥቁሩን በቀኝ እጄ አወጣሁ። ጣቴ ፕላስተሩ ላይ አረፈ።

ማስቀመጥ አቃተኝ። የሞተ ነው፣ ዋጋ የለውም፤ ግን የልጄ እጅ ያለበት ነው፣ እንዴት ብዬ ሰው ቤት ጥዬው ልውጣ? ደግሞም አሁን ያለው አንድ ነው። እሱም ቢጠፋብኝስ? ብወድቅስ? መኪና ቢገጨኝስ? ሁለቱንም ይዤ እንደ ሚዛን ቆሜ ሳለሁ ሲስተር የሻይ ትሪ ይዛ ገባች።

«እትዬ... ምን እያደረጉ ነው?»

«እየመዘንኩ ነው» አልኩ። 

አየችኝ። ብርማውን አየች፣ ክፍቱን ሣጥን አየች። ትሪውን አስቀመጠች።

«ሞተብኝ ሲስተር። ገደልኩት። ልቀይርብዎ ነበር።»

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ጥቁሩን ከእጄ ተቀብላ፣ የልብ ትርታ እንደሚሰማ ሰው ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። «ይሄንን ለምኛት ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ከመሄዷ በፊት። ‹ጥቁሩን ስጪኝ› ብዬ። ‹አያቴ፣ እሱ የእማዬ የራሷ ስለሆነ ለእማማ ነው› አለችኝ። አዲሱን የሰጠችኝ ለማባበያ ነው።»

«በመሃረብ ደጋግመው የጠረጉት...»

«መሃረቡን ያወጣሁት ለዓይኔ ነበር። ስታዪኝ አፈርኩና ዲስኩን ጠረግሁበት።» እርስዎ ማለቱን ተወችው፤ እኔም ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው። «እንዴት ያለ ዕድል አለሽ መሰለሽ! አርባ ጊዜም ሃምሳ ጊዜም ብታዪው ራስሽን ታገኚያለሽ። ስትድህ አንቺ አለሽ፣ ጥርስ ስታወጣ አንቺ አለሽ። በማትታዪበት እንኳ ‹ልጅቷ በረዳት፣ በሩን ዝጉ!› እያልሽ ከጓዳ ትጮኺያለሽ። እኔ የለሁበትም። የሰው ልጅ ስከትብ ነበርኩ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እጄ ይታያል፤ መርፌ ይዞ። እሱንም አይታ ልጅቷ ታለቅሳለች።»

መዋሸት ምን ያደርግልኛል፤ መጀመሪያ ደስ አለኝ። አሸነፍኩ አልኩ። ወዲያው ግን ያችን ሰሌዳ አየኋት፣ አንዲቷን ምልክት። አንዴ ብቻ ያየችው ደንቡን አክብራ ነው ብዬ ነበር። ራሱን የማያገኝበትን ነገር ማን ደጋግሞ ያያል?

«ድምፅሽ ግን አለ» አልኳት። «የልደቷ ቀን ላይ። ‹ጉሮሮሽን ልየው፣ አፍ ክፈቺ› የምትዪው።»

«እውነትሽን ነው?»

«በመጨረሻ ላይ ነው፤ እኔ ነኝ እስከ መጨረሻው ያየሁት።» ይህችን እንኳ ያለ ኩራት አልነገርኳትም።

ሻዩ ቀዘቀዘ። ሲስተር ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የመንገድ ጫማዋን አደረገች። «ተነሺ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። አሁኑኑ ይገልበጥ።»

ብርማውን በሣጥኑ ከትን፣ ሣጥኑን ቦርሳ ውስጥ ከትን፣ ቦርሳውን አንድ አንድ ጆሮውን ይዘን ሄድን። ማናችንም ለሌላችን አለቀቅንም። ጠጋኙ ሲያየን ተነስቶ ቆመ። «ያቺ የማላውቃት ሴትዮ እርስዎ ነዎት?» አላት። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

አዲስ ዲስክ አመጣ፣ ሁለቱንም ራቅ ራቅ አድርጎ ባዶ ጠረጴዛ ላይ አኖራቸው። ከሥራቸው ጨርቅ የለ፣ ከላያቸው ጨርቅ የለ። «እንግዲህ ማንም አያቅፋቸው» አለ እኔን እያየ። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሁለታችንም እጃችንን ጉልበታችን ላይ አጣጥፈን፣ መስመሩ ሲሞላ እያየን ተቀመጥን። አንድ ጊዜ ሲስተር ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ስትል፣ «አትንኪው!» አልኳት። «አልነካሁም፣ አንቺ ነሽ እየተጠጋሽ ያለሽው!» አለችኝ።

እሁድ አንድ ስልክ ላይ ሆነን ለልጅቷ ነገርናት። እኔ ነኝ የተናገርኩት። 

«እማማ፣ ሲሠራ ምንም እንዳታለብሱት ብዬሽ ነበር እኮ። አምስተኛው።»

«አልሰማሁም። ዓይኔ ሌላ ቦታ ነበር።»

«የት?»

ሲስተር አየችኝ። «ይቅር፣ የአሮጊት ነገር ነው» አለችልኝ። ልጅቷ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ስለ ካፖርቱ አዝራር ስትሰማ ሳቀች። ስልኩ ሲዘጋ ደብተሬን አውጥቼ ባዶውን አምስተኛ ቁጥር ሞላሁት።

አሁን በሁለቱም ቤት በደንቡ የተቀመጠ፣ ዕራቁቱን የሚሠራ፣ በሦስት ወር አንዴ የሚከፈት ዲስክ አለ። የምንከፍተውም አብረን ነው፤ አንዴ እኔ ቤት፣ አንዴ እሷ ቤት። ካፖርቱን አልጣልኩትም። ጥቁሩ ከእንግዲህ ስለማይሠራ አይሞቀውም፤ እሱ ይልበሰው ብዬ ነው።

ዛሬ ከፍተን፣ አይተን፣ ተሰናብተን ስንጨርስ ሲስተር ቦርሳዋን ይዛ አልነሳ አለች።

«ጥቁሩን ስጪኝ» አለች። «እስከሚቀጥለው ሦስት ወር ብቻ።»

«ምን ያደርግልሻል? የሞተ ነው።»

«ላንቺስ ምን ያደርግልሻል?»

 ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ደረቴ ላይ እንዳቀፍኩት ቆየሁ። ከዚያ አዝራሩን አንድ በአንድ ቆለፍኩ። «ፕላስተሩን እንዳትነኪው። ‹ማንም እንዳይነካው፣ እማዬም ብትሆን› ነው የሚለው።»

«አንብቤዋለሁ» አለች። «እማዬም ብትሆን አለች እንጂ አማቴም ብትሆን አላለች።»

ለካ ሴትዮዋ ትቀልዳለች። ሰጠኋት። ደጃፍ ድረስም ሸኘኋት፤ መንገዱን ተሻግራ እስክትታጠፍ ድረስ ግን ዓይኔን ከቦርሳዋ ላይ አላነሳሁም።